ማዘዣውና ድርድሩ

ጦርነት ሳያልቅ ሰላም ለማውረድ የሚነሣ ሰው ገና ከመጀመሪያው የሚጋጨው ከአንድ እውነት ጋር ነው፤ ፊርማው የሚፈለገውም፣ እጁ ለካቴና የሚፈለገውም ያው አንድ ሰው ነው። ጦሩን የሚያዝዘው እሱ ስለሆነ ያለ እሱ ተኩስ አይቆምም። ጦሩን ሲያዝዝ የኖረውም እሱ ስለሆነ የሟቾቹ ደም የሚፈለገው ከእሱ ነው። አደራዳሪው «ናና ተቀመጥ» ይለዋል፣ ዐቃቤ ሕጉ «ናና ቁም» ይለዋል።

ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ «ሰላም ይቅደም ወይስ ፍትሕ» እየተባለ በጥቅሉ ነው። በጥቅሉ ከሆነ ሁሉም ሰው ቀድሞ የያዘውን አቋም ይዞ ይወጣል። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ሌላውን ሁሉ ትቼ አንድ ቦታ ላይ፣ ሰሜን ዩጋንዳ ላይ እቆያለሁ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በታሪኩ የመጀመሪያዎቹን የእስር ማዘዣዎች ያወጣው በዚያ ጦርነት ላይ ነው፤ ያወጣውም ጦርነቱ ሳያበቃ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዮዌሪ ሙሴቬኒ በጃንዋሪ 1986 ካምፓላን ሲይዙ በተሸነፈው ጦር ውስጥ ከሰሜን የመጡ የአቾሊ ልጆች ብዙ ነበሩ። አዲሱ ጦር ወደ ሰሜን ሲዘልቅ ቂም በቀሉም አብሮት ዘለቀ። አሊስ ላክዌና የምትባል ሴት «መንፈስ ያናግረኛል» ብላ ያስከተለችው ጦር ወደ ዋና ከተማዋ ሲገሰግስ በ1987 ጂንጃ አካባቢ ተሸነፈ። ከእሷ ቀጥሎ ገኖ የወጣው፣ ኦዴክ በምትባል መንደር የተወለደው ጆሴፍ ኮኒ ነው። ጦሩ በኋላ ሎርድስ ሬዚስታንስ አርሚ፣ ባጭሩ ኤልአርኤ፣ ተባለ። የአቾሊ ሕዝብ አልከተለኝ ሲለው ኮኒ ጦሩን በገዛ ሕዝቡ ላይ አዞረ። ጎልማሳው አልዘምት ሲለው ሕፃናት ማፈስ ጀመረ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ የታፈሱት ልጆች ከ20,000 በላይ እንደሆኑ ይገመታል። ሲመሽ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ምንጣፋቸውን ተሸክመው ከየመንደሩ ወደ ጉሉ ከተማ እየተጓዙ በቤተ ክርስቲያን ግቢና በአውቶቡስ ማቆሚያ ያድሩ ነበር።

መንግሥት በበኩሉ ከ1996 ጀምሮ ገበሬውን ከመንደሩ አስለቅቆ ወደ መጠለያ ሰበሰበው። «ጥበቃ የሚደረግላቸው መንደሮች» የሚል ስም ወጣላቸው። እስከ 2005 ድረስ ወደ 1.8 ሚሊዮን ሰው ከቀዬው ተነቅሏል። በዚያው ዓመት የዩጋንዳ ጤና ሚኒስቴር ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ባደረገው ጥናት፣ በመጠለያዎቹ ውስጥ በየሳምንቱ ወደ 1,000 የሚጠጋ ሰው ያለ ጊዜው ይሞት ነበር፤ ከጥይት ይልቅ የገደለው በሽታ ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ። የኮኒ ጭካኔ ለዓለም ዜና ይመች ስለነበር፣ መጠለያውን የከፈተው መንግሥት በወሬው ውስጥ ሁልጊዜ አዳኝ ሆኖ ነው የሚገባው።

በዚህ መሀል ድርድር አልተሞከረም ማለት አይደለም። የአቾሊ ተወላጅ የሆኑት ሚኒስትር ቤቲ ቢጎምቤ መሣሪያ ሳይዙ ጫካ ገብተው ኮኒን ፊት ለፊት አነጋግረውት ነበር። ለመስማማት ተቃርበው ሳለ በፌብሩዋሪ 1994 ሙሴቬኒ ለኮኒ የሰባት ቀን ቀነ ገደብ ሰጡ፤ ንግግሩም ፈረሰ። ካርቱም፣ ካምፓላ የደቡብ ሱዳንን አማፅያን ስለምትረዳ ብድሯን ለመመለስ ኮኒን ማስታጠቅ ያዘች። በተከታዩ ዓመት ኤፕሪል ላይ አቲያክ በምትባል ከተማ በአንድ ቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ።

እዚህ ላይ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የማይገባ ነገር ይመጣል፤ ከማንም በላይ የተበደሉት ሰዎች «ምሕረት ይውጣ» ብለው ተነሡ። የአቾሊ የሃይማኖት መሪዎች፣ ካቶሊኩም አንግሊካኑም ሙስሊሙም፣ አንድ ላይ ሆነው ለዚህ ሠሩ። ከመካከላቸው አንዱ የአንግሊካን ጳጳስ ማክሊዮድ ቤከር ኦቾላ ነበሩ። ሴት ልጃቸው በ1987 በታጣቂዎች ተደፍራ ራሷን አጥፍታለች፤ ባለቤታቸው በ1997 በፈንጂ ሞተዋል። እኚህን ሰው «በሌላው ሐዘን ላይ ይቅርታ ያድላሉ» ብሎ መክሰስ የሚችል የለም።

ምክንያታቸው የዋህነት አይደለም። ጫካ ያለው ገዳይ ከእቅፋቸው የተነጠቀ የራሳቸው ልጅ ነበር። የመንግሥት ሄሊኮፕተር ሲያልፍ እናት የምትጸልየው እንዲስት ነው። በጃንዋሪ 2000 ሥራ ላይ የዋለው የምሕረት አዋጅ መሣሪያውን ለሚያስረክብ ማንኛውም ታጣቂ ክስ እንደማይኖርበት ቃል ገባ፤ በሬዲዮ ተነገረ፣ በአዋጁም ከ10,000 በላይ የኤልአርኤ ሰዎች ወጡ። አዋጁ ማንንም ከማንም አይለይም ነበር። ኮኒም ራሱ ቢወጣ ይሸፍነዋል።

ይህ ባለበት ነው ለንደን ላይ ያልተጠበቀው መግለጫ የተሰጠው። ሙሴቬኒ በዲሴምበር 2003 የሰሜኑን ጉዳይ ገና ከተቋቋመ ዓመት ከመንፈቅ ላልበለጠው ፍርድ ቤት መርተውት ነበር፤ ይህን በጃንዋሪ 29, 2004 ይፋ ያደረጉት ከአርጀንቲናዊው ዋና ዐቃቤ ሕግ ሉዊስ ሞሬኖ ኦካምፖ ጎን ተቀምጠው ነው። ሁለቱም ይህን የሚፈልጉበት ምክንያት ነበራቸው። ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ መዝገቡን ይፈልጋል፤ አገር ራሱ ፈቅዶ ሲያመጣለት ደግሞ በሉዓላዊነት አይከሰስም። ሙሴቬኒ ጠላታቸው በዓለም ፊት ወንጀለኛ እንዲባል፣ ሱዳንም እንድትተወው ይፈልጋሉ። ችግሩ ከሁለቱ ጦሮች በአንዱ ዋና አዛዥ ጎን ተቀምጦ «ምርመራው ገለልተኛ ነው» ማለት ጉሉ ላለው ሰው አለመዋጡ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ሁሉንም ወገን እንደሚመረምር ደጋግሞ ተናግሯል። የወጡት ማዘዣዎች ግን ሁሉም በኤልአርኤ ሰዎች ላይ ናቸው። በጁላይ 2005 በምስጢር ወጥተው በኦክቶበር ይፋ ሲሆኑ አምስት ስም ያዙ፦ ጆሴፍ ኮኒ፣ ምክትሉ ቪንሰንት ኦቲ፣ ራስካ ሉክዊያ፣ ኦኮት ኦዲያምቦና ዶሚኒክ ኦንግዌን። በኮኒ ላይ ብቻ 33 ክስ።

የአቾሊና የአጎራባች ሕዝቦች መሪዎች ማዘዣው ከመውጣቱ በፊት በ2005 የፍርድ ቤቱ መቀመጫ እስከሆነችው ሄግ ድረስ ሄደው ነበር፤ «ጊዜው አይደለም» ለማለት። ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ጸሐፊ «አቾሊ ይቅርታ እንጂ ፍርድ አይፈልግም» የሚል ተረት ሠርቷል። በዚያው ዓመት በሰሜን ዩጋንዳ የተደረገ ሰፊ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ይህን አያሳይም። ከተጠየቁት ከአራት ሦስቱ ያህል በደለኞቹ ይጠየቁ ብሏል። ሰላም የሚመጣበት መንገድ ምሕረት ብቻ ከሆነስ ሲባሉ ደግሞ ከአሥሩ ሰባቱ ምሕረትን እንቀበላለን አሉ። ሁለቱን መልስ የሰጠው ያው ሰው ነው። ፍርዱ ይገባኛል፣ ለፍርዱ ሲባል ግን የቀሩት ልጆቼ አይለቁ፤ ለእኔ ከዚህ የጠራ አቋም የለም።

ማዘዣውን ማን ያስፈጽም? ፍርድ ቤቱ ፖሊስ የለውም። በጃንዋሪ 2006 የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ የሆኑ የጓቲማላ ልዩ ኮማንዶዎች ኮንጎ ውስጥ ጋራምባ ፓርክ ገብተው ኤልአርኤ ላይ ሲዘምቱ ስምንቱ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሊሞክር የሚፈልግ ሌላ አገር ለረጅም ጊዜ አልተገኘም። አዲስ የተቋቋመው የደቡብ ሱዳን መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት ሪያክ ማቻር ግን ወደ ጫካው መልእክተኛ ልከው ኮኒን አገኙት። ጁላይ 2006 ጁባ ላይ ድርድሩ ተከፈተ፤ ኦገስት 26 ተኩስ ለማቆም ተፈረመ።

ኤልአርኤን ወደ ጁባ ያመጣው ምንድን ነው? የፍርድ ቤቱ ደጋፊዎች «ማዘዣው ነው» ይላሉ፤ ካርቱም ተፈላጊ ወንጀለኛ ማስታጠቅ ከብዷት እጇን ሰበሰበች። የፍርድ ቤቱ ተቺዎች የሱዳን የሰሜንና የደቡብ የሰላም ስምምነት በ2005 መፈረሙን፣ የኮኒ መጠጊያም በዚያ መጥበቡን ይጠቅሳሉ። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው እላለሁ፤ ማዘዣው ሰዎቹን ወደ ጠረጴዛው ገፍቷቸዋል። ጠረጴዛው ዘንድ ከደረሱ በኋላ ግን ያው ማዘዣ ከፊርማው ከለከላቸው። ኦቲ በሳተላይት ስልክ ለጋዜጠኛ ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ ማዘዣው ሳይነሣ አንፈርምም።

ሙሴቬኒ ገና ድርድሩ ሳይከፈት፣ በዚያው ጁላይ፣ ኮኒ ከተስማማ ሙሉ ምሕረት እንደሚሰጡት አስታወቁ። ቃሉ ግን በእጃቸው ያልነበረ ቃል ነበር። ፍርድ ቤቱ በተቋቋመበት በሮም ስምምነት ውስጥ አንድ አገር መርቶ የሰጠውን ጉዳይ መልሶ የሚወስድበት አንቀጽ የለም። ፍርድ ቤቱን እንደ ዱላ ለማንሣት ያሰቡ ሰው ዱላው ባለቤት እንዳለው ያወቁት ያኔ ነው፤ ሳሩን አይቶ ገደሉን አለማየት ይሉታል የእኛ ሰዎች።

በሕግ የቀሩት በሮች ጠባብ ነበሩ። አንደኛው አንቀጽ 16 ነው፤ የጸጥታው ምክር ቤት ጉዳዩ ለ12 ወር እንዲዘገይ መጠየቅ ይችላል፣ በየዓመቱም ማደስ ይችላል። ኮኒ ዕድሜውን በየዓመቱ ኒው ዮርክ ላይ በሚነሣ እጅ ሊያሳድስ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ዐቃቤ ሕጉ ራሱ «ለፍትሕ ጥቅም» ሲባል ክሱን እንዲተው ነው። ኦካምፖ በሴፕቴምበር 2007 ባወጣው የአቋም ሰነድ የፍትሕ ጥቅምና የሰላም ጥቅም አንድ እንዳልሆኑ፣ ሰላም የሌሎች ተቋማት ሥራ እንደሆነ ጻፈ። ለዚህ አቋም አክብሮት አለኝ። ተኩስ በተነሣ ቁጥር ክሱን የሚያጥፍ ዐቃቤ ሕግ ለታጣቂ ሁሉ መንገዱን ማሳየቱ ነው። ሦስተኛው በር ደግሞ ዩጋንዳ ራሷ ከልቧ ብትከስ ሄግ ቦታውን ትለቃለች የሚለው ነው። ተደራዳሪዎቹ የያዙት ይህን ነው።

አራተኛ በር ቀድሞ ነበረ፤ ስደት። መንግሥቱ ኃይለማርያም በሜይ 1991 ወደ ሐራሬ ሲሄዱ አዲስ አበባ ከከባድ የከተማ ውጊያ የተረፈችው በከፊል በዚያ መንገድ ነው፤ በዲሴምበር 2006 በሌሉበት ጥፋተኛ ሲባሉም ዚምባብዌ አላስረከበቻቸውም። የላይቤሪያው ቻርልስ ቴይለር በ2003 በዚሁ ስሌት ወደ ናይጄሪያ ሄደ። በማርች 2006 ግን ተላልፎ ተሰጠ፤ በኋላም 50 ዓመት ተፈረደበት። የጁባው ድርድር የተከፈተው ቴይለር በካቴና ከታየ አራት ወር ሳይሞላ ነው። ጫካ ውስጥ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ከዚያ ወዲያ የማንን የጥገኝነት ቃል ያምናል?

በጁን 29, 2007 ተደራዳሪዎቹ ስለ ተጠያቂነትና ዕርቅ ተፈራረሙ። በፌብሩዋሪ 2008 በተፈረመው አባሪው እንደተብራራው፣ ዋናዎቹ በደለኞች በዩጋንዳ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሚቋቋም ልዩ ችሎት ይዳኛሉ፤ ቅጣቱም ዕርቅን ያገናዘበ ይሆናል። ሌላው በየሕዝቡ ባህል ይታያል። ከባህሎቹ መካከል ስሙ የገነነው የአቾሊው ማቶ ኦፑት ነው።

ደም ማድረቅን ወይም ጉማን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ማቶ ኦፑትን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ሰው ሲገደል የገዳይና የሟች ጎሳ ይቆራረጣል፤ አብሮ መብላት፣ አብሮ መጠጣት፣ መጋባት ይቀራል። ሽማግሎች መሀል ገብተው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይመላለሳሉ። ገዳዩ ያደረገውን በራሱ አፍ መናገር አለበት፤ ያለ እውነት ሥርዓቱ አይጀመርም። ካሳውን የሚከፍለው እሱ ብቻውን ሳይሆን ጎሳው ነው። በመጨረሻ የበዳይ ወገን በግ፣ የተበዳይ ወገን ፍየል ያመጣል፤ ለሁለት ተሰንጥቀው ግማሹ ይለዋወጣል። ከዚያ ኦፑት የሚባለው ዛፍ መራራ ሥር ተወቅጦ ከአገር ጠላ ጋር ይቀላቀልና ሁለቱ ወገኖች እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ አጎንብሰው፣ ግንባር ለግንባር ተነካክተው ከአንድ ቅል ይጠጣሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ማንሣት ነውር ነው።

ይህን ሥርዓት «ቅጣት የሌለበት» ብለው የናቁት የውጭ ሰዎች አልገባቸውም፤ በአደባባይ መናዘዝም የጎሳን ከብት ማስነዳትም ቀላል ቅጣት አይደለም። አጋንነው ያመሰገኑትም ግን ልክ አይደሉም። ማቶ ኦፑት ገዳዩም ሟቹም በስም፣ ጎሳቸውም በጉርብትና ለሚተዋወቅ ደም የተሠራ ነው። ፌብሩዋሪ 2004 ባርሎንዮ መጠለያ ውስጥ ከ300 በላይ ሰው ሲገደል ሟቾቹ አብዛኞቹ የላንጎ ሰዎች ነበሩ፤ የአቾሊን ኦፑት የማይጠጡ። ገዳዮቹ ደግሞ በስም አይታወቁም። በ12 ዓመቷ ተጠልፋ ለአዛዥ «ሚስት» ተደርጋ ሁለት ልጅ ይዛ የተመለሰች ልጅ ከማን ጋር፣ ለየትኛው ደም ትጠጣለች? መንግሥትስ ጎሳው የት ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ የጁባው ስምምነት የሸሸው ነው። በውሉ ላይ የመንግሥት ሰዎች በልዩ ችሎቱ እንደማይዳኙ፣ በነባሩ ሕግ ብቻ እንደሚጠየቁ ተጽፏል። ነባሩ ሕግ ሃያ ዓመት ሙሉ አብሮ የነበረ ሕግ ነው። በሳምንት 1,000 ሰው የሞተባቸው መጠለያዎች ጉዳይ በዚህች አንድ መስመር ታለፈ። «ፍትሕ ሰላምን አደናቀፈ» የሚለውን ክስ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይህ መስመር ነው። አቾሊ ሄግን የተጠራጠረው ፍርድ ስለሚጠላ አልነበረም፤ ሚዛኑ አንድ ወገን ብቻ ስለመዘነ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን አገር ሳያስብ የሚያልፍ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። የትግራይን ጦርነት ለማቆም ኖቬምበር 2, 2022 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ የማስፈጸሙን ሥራ ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል፤ ፖሊሲውም በኤፕሪል 2024 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። ኢትዮጵያ የሮም ስምምነት አባል ስላልሆነች ሄግ ያለ ራሷ ፈቃድ ወይም ያለ ጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ አይገባም። ከተዋጊዎቹ አንዱ የፍርዱን ሥርዓት ሲዘረጋ፣ እዚያም እዚህም የሚጠየቀው ያው ነው፤ ችሎቱ የራሱን ሰው ሲጠራ ምን ይሆናል?

ወደ ጁባ ልመለስ። ኮኒ በኦክቶበር 2007 ለድርድሩ ቀናውን ኦቲን ራሱ አስገደለው። ኤፕሪል 10, 2008 ሽማግሎች፣ ጳጳሳትና ጋዜጠኞች በሱዳንና በኮንጎ ድንበር ሪክዋንግባ በሚባል ጫካ ዳር ሊፈርም ነው ብለው ጠበቁት። አልመጣም። ማቶ ኦፑትና ልዩ ችሎቱ እንዴት እንደሚገናኙ ይብራራልኝ አለ ተባለ፤ የእሱ የድርድር ቡድን መሪም ሥራውን ለቀቀ። ኖቬምበር ላይም ተጠብቆ ቀረ። ዲሴምበር 14 የዩጋንዳ ጦር ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ጋራምባ ያለውን ሰፈሩን በአየር ደበደበ፤ ኮኒ ቀድሞ ወጥቷል። በገና ሰሞን የእሱ ሰዎች በሰሜን ምሥራቅ ኮንጎ መንደሮች፣ ለበዓል የተሰበሰበ ሰው ላይ ሳይቀር፣ ከ600 በላይ ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። የዚህን ሞት ዋጋ ማዘዣውን ለጻፉት ዳኞች ብቻ የሚያስከፍል ሰው ቦምቡን የጣሉትን እየዘለለ ነው።

ስለ ጁባ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላ ነገር አለ። ያ ያልተፈረመ ስምምነት ለሰሜን ዩጋንዳ ሰላም አምጥቷል። ከ2006ቱ የተኩስ ማቆም በኋላ ኤልአርኤ ወደ አቾሊ ምድር አልተመለሰም። ድርድሩ በተጓተተባቸው ሁለት ዓመታት ሰዎች መጀመሪያ እርሻቸውን ለማየት፣ ቀጥሎ ለማደር፣ በመጨረሻ ለመኖር ከመጠለያው ወጡ። ማዘዣውም ሳይነሣ፣ ፊርማውም ሳይገኝ። ከሁለቱ የግድ አንዱን ምረጥ የሚል አስተሳሰብ ይህን ማስረዳት አይችልም። አደራዳሪዎቹ ጊዜ ገዙ፤ ጊዜው ደግሞ ለገበሬው በቂ ሆነ። ጦርነቱ ግን ወደ ኮንጎ ገበሬ ተሻገረ፤ እሱ ጁባ ላይ ወንበር አልነበረውም።

ዶሚኒክ ኦንግዌን በጃንዋሪ 2015 እጁን ሰጠ። ወደ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ የታፈሰ ልጅ ነበር፤ ሄግ የቆመው እንደ አዛዥ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 በ61 ክሶች ጥፋተኛ ተባለ። ከእነዚህ መካከል የኮኒ የትውልድ መንደር ኦዴክ ላይ በ2004 የተፈጸመው ጥቃት ይገኝበታል። ዳኞቹ በልጅነቱ መጠለፉን ከግምት አስገብተው የዕድሜ ልክ ሳይሆን የ25 ዓመት እስራት ፈረዱበት። በ2024 ደግሞ ወደ 50,000 ለሚጠጉ ተጎጂዎች ከ52 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ካሳ እንዲከፈል ታዘዘ፤ ለእያንዳንዱ በምልክትነት 750 ዩሮ። ኦንግዌን ገንዘብ ስለሌለው የሚለመነው ለጋሽ ነው።

በዩጋንዳ ውስጥ ያለው ደግሞ ይበልጥ ያስተዛዝባል። በ2009 ቆስሎ የተያዘው የኤልአርኤ አዛዥ ቶማስ ክዎዬሎ «የምሕረት አዋጁ ይሸፍነኛል» ብሎ ተከራከረ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ተቀበለው፣ በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው። አሥራ አምስት ዓመት እስር ቤት ከቆየ በኋላ በኦክቶበር 2024 የ40 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ጁባ ላይ የታሰበው ልዩ ችሎት የጨረሰው የመጀመሪያው የኤልአርኤ መዝገብ ነው። በማዕረግ ከእሱ በላይ የነበረው ሲዛር አቼላም በ2012 ተይዞ ምሕረት ተሰጠው። የመጠለያዎቹን ሞት የጠየቀ ችሎት የለም። ኮኒ ላይ ደግሞ የሄጉ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2025 በሌለበት ክሱን ሰምቶ ከሁለት ወር በኋላ 39 ክሶችን አጸደቀ፤ በራሱ ደንብ መሠረት ግን ሰውየው በአካል ካልቀረበ ችሎቱን መጀመር አይችልም።